አፈርን እንደ ውሃ የቆጠረው ቀመር

በ1922 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ቤትስ በምትባል መንደር አጠገብ፣ ሊሰበር ታስቦ የተሠራ መንገድ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መንገዱ ከስልሳ በላይ ክፍሎች ነበሩት፤ አንዳንዱ በጡብ፣ አንዳንዱ በአስፋልት፣ አንዳንዱ በኮንክሪት ተነጥፏል፤ ውፍረቱም ከክፍል ክፍል ይለያያል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ወታደራዊ የጭነት መኪናዎች፣ አየር በማይነፋው ደረቅ ጎማቸው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሱበታል። ከብዙ ምልልስ በኋላ ጭነቱ ይጨመርና እንደገና ይጀመራል። መሐንዲሶቹ ደብተር ይዘው ስንጥቅ ይቆጥራሉ።

ጨዋታ አልነበረም። የኢሊኖይ ሕዝብ በ1918 መንገድ ለመሥራት 60 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ እንዲበደር በድምፁ ፈቅዶ ነበር። ገንዘቡ አለ፤ ሲሚንቶው አለ፤ የጠፋው የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። መሬት ላይ የሚነጠፍ ኮንክሪት ምን ያህል ይወፍር? ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጨመር፣ አምስት ሜትር ተኩል ስፋት ባለው መንገድ ላይ በየኪሎ ሜትሩ 165 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ኮንክሪት ማለት ነው። ቢቀነስ ደግሞ ብድሩ ሳይከፈል መንገዱ ሊያልቅ ይችላል።

ከዚያ በፊት የነበረው መልስ ድፍረት ነበር ማለት ይቻላል። በኦሃዮ ግዛት ቤለፎንቴን በተባለች ከተማ ጆርጅ ባርቶሎሚው የተባለ ሰው በ1891 የመጀመሪያውን የኮንክሪት መንገድ በጠባብ ሰቅ መልክ ሲሞክር፣ የከተማው ሹማምንት ለመፍቀድ አመነቱ። በኋላ ዙሪያውን ሙሉ እንዲያነጥፍ ሲፈቀድለት 5,000 ዶላር መያዣ አስይዞ ለአምስት ዓመት ዋስ ሆነ። ስሌት አልነበረውም፤ የነበረው ዋስትና ነው። መንገዱ እስከ ዛሬ አለ። የባርቶሎሚው ደንበኞች ግን ፈረስና ጋሪ ነበሩ።

የጭነት መኪና ሲመጣ ዋስትና ብቻውን አልበቃም። የመጀመሪያውን ስሌት ያቀረበው በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ይሠራ የነበረው ጎልድቤክ ነው፤ ጊዜው 1919። አስተሳሰቡ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ያስገርማል። ኮንክሪት መጨፍለቅን ይችላል፣ መለጠጥን ግን አይችልም፤ የመለጠጥ አቅሙ ከመጨፍለቅ አቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ንጣፉ የሚሰበረው ሲጎብጥ፣ በሚለጠጠው ፊቱ በኩል ነው። በጣም የሚያሰጋው ቦታ ደግሞ ጥጉ ነው፤ ምክንያቱም በሁለት በኩል ደጋፊ የለውም። ጎልድቤክ ጥጉን ከግድግዳ ወጥቶ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ በረንዳ ቆጠረው፤ ከሥሩ አፈር እንደሌለ። ጎማው ጫፉ ላይ ይቆማል። ከጫፉ ወደ ውስጥ በተራቀ ቁጥር የሚያጎብጠው ኃይል ይጨምራል፤ ነገር ግን የጥጉ ስፋትም በዚያው ልክ ይጨምራል። አንዱ ለአንዱ ሲካፈል ርቀቱ ከሒሳቡ ይወጣና ይጠፋል። የሚቀረው ጭነቱን በሦስት ማባዛት፣ ከዚያም በውፍረቱ ካሬ ማካፈል ብቻ ነው። የአፈሩ ዓይነት፣ የጎማው ስፋት፣ የኮንክሪቱ ግትርነት አንዳቸውም አይጠየቁም።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ታሪክ ሁሉ በአንድ ጎማ ላይ ቢፈተሽ ይቀላል። ጎማው 4 ቶን ያህል ይጫን (40 ኪሎ ኒውተን)፣ መሬት የሚነካበት አሻራ 15 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ይሁን፣ ኮንክሪቱም 20 ሴንቲ ሜትር ይወፍር። በጎልድቤክ ቀመር በጥጉ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት 3 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 30 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። ደህና የተሠራ ኮንክሪት ሲጎብጥ የሚሰበረው 4.5 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው ብንል፣ 3 ከ4.5 ያንሳልና መንገዱ የሚችል ይመስላል። ግን በኢሊኖይ የመንገድ ቤተ ሙከራ ክሌመር የተባለው መሐንዲስ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኮንክሪትን ደጋግሞ በማጉበጥ አንድ ነገር አሳይቶ ነበር፤ ከአቅሙ ግማሽ ገደማ በላይ በተደጋጋሚ የተጫነ ኮንክሪት ይደክማል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ስለዚህ የሚፈቀደው 4.5 ሳይሆን 2.25 ነው። በጎልድቤክ ቀመር 20 ሴንቲ ሜትሩ ወደቀ፤ 23 ያስፈልጋል። እነዚያ ሦስት ሴንቲ ሜትሮች መጡ።

የቤትስ መንገድ ምን አለ? ጥጎቹ ቀድመው ተሰበሩ፤ በዚህ ጎልድቤክ ልክ ነበር። የኢሊኖይ ዋና የመንገድ መሐንዲስ ክሊፈርድ ኦልደር የጥጉን ቀመር ከሙከራው ውጤት ጋር አመሳክሮ ተቀበለው። የበለጠ የሚያስደንቀው ግን መኪናው ሳይሆን ሌሊቱ የሠራው ሥራ ነበር። ሌሊት የንጣፉ የላይኛው ፊት ከታችኛው ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፤ ጥጎቹም እንደ ደረቀ ቆዳ ወደ ላይ ይነሣሉ። በዚያ ሰዓት ጥጉ በእውነት ከአፈሩ ይለያል፤ የጎልድቤክ በረንዳ ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ይመለሳል። አፈሩን ፈጽሞ የረሳው ቀመር ልክ የሆነው አፈሩ በሌለበት ሰዓት ነው። ከቤትስ በኋላ አሜሪካኖች ጠርዙን እያወፈሩ፣ መሃሉን እያሳሱ መንገድ መሥራት ያዙ፤ 9 ኢንች በጠርዝ፣ 6 ኢንች በመሃል። በመንገዱ መሃል በርዝመቱ የሚሄደው መገጣጠሚያም ከዚሁ ሙከራ የተወረሰ ነው።

አፈሩን በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት የፈለገ ሰው ግን ከመንገድ ሥራ ውጭ መሄድ ነበረበት። የመጀመሪያው መጠጊያ የባቡር ሐዲድ ነው። ኤሚል ቪንክለር በ1867 ፕራግ ላይ ባሳተመው የመለጠጥና የጥንካሬ መጽሐፉ፣ ሐዲድ ያረፈበትን መሬት እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሞላዎች የተደረደሩበት አድርጎ አሰበ። አንዱ ሞላ ሲጫን ጎረቤቱ አይሰማም፤ እያንዳንዱ በራሱ የሰመጠውን ያህል ብቻ መልሶ ይገፋል። አፈር እንዲህ አይደለም። አንድ ቦታ ሲረገጥ ዙሪያው አብሮ ይሰምጣል፤ በጭቃ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ቪንክለርም የማያውቀው አይመስልም፤ ሒሳቡ እንዲያልቅለት የከፈለው ዋጋ ነው።

በዓለም ላይ የቪንክለርን ሕግ ሳያዛንፍ የሚታዘዝ አንድ ነገር አለ፤ ውሃ። ተንሳፋፊ ነገር በሰመጠው ልክ፣ በሰመጠበት ቦታ ብቻ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይገፋል። በ1884 የ27 ዓመቱ ሃይንሪኽ ሄርትዝ በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ተለጣጭ ሰሌዳ ሚዛን አጭር ጽሑፍ አወጣ። በሬዲዮ ላይ «ሜጋ ኸርዝ» እየተባለ በየቀኑ የሚጠራው ይኸው ሰው ነው፤ የኤሌክትሮ ማግኔት ሞገዱን ያገኘው ግን ከዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የሄርትዝ ጥያቄ ሐይቅ ላይ በረጋ በረዶ ላይ ሰው ቢቆም በረዶው ምን ያህል ይጎብጣል የሚል ነው። በመልሱ መካከል አንድ ተረት የሚመስል ነገር ጣል አድርጓል፤ ብቻውን ቢቀመጥ የሚሰምጥ ሰፊ ስስ ሰሌዳ፣ መሃሉ ላይ ክብደት ሲጫንበት እንደ ገበቴ ይጎብጥና ሊንሳፈፍ ይችላል። ጭነቱ ሲነሣለት ይሰምጣል።

እነዚህን ሁለት ክሮች ወስዶ መንገድ ያደረጋቸው ሃራልድ ማልኮልም ዌስተርጋርድ ነው። በ1888 በኮፐንሃገን ተወለደ፤ እዚያው ምህንድስና ተማረ፤ በጀርመን ጎቲንገን በታዋቂው ፕራንትል ሥር አጠና። ሙኒክ የጀመረውን ዶክትሬት ጦርነቱ አዘገየበት፤ በ1914 አሜሪካ ገብቶ ነበርና በ1916 ሌላ ዶክትሬት ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። መምህርነቱንም እዚያው፣ ኧርባና ላይ፣ ያዘ። የቤትስ መንገድ ሲሰበር እሱ በዚያው ግዛት ውስጥ ነበር።

ስለ ኮንክሪት መንገድ ያወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አይደለም። በ1923 በዴንማርክ መሐንዲሶች መጽሔት ላይ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው ያወጣው። በስደት የሚኖር ሰው አዲስ ሐሳብ ሲመጣለት አስቀድሞ ለአገሩ ሰዎች መንገሩ ለዚህ ድረ ገጽ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ዓለም የሚጠቅሰው ግን በሚያዝያ 1926 የሕዝብ መንገዶች ቢሮ በሚያሳትመው «ፐብሊክ ሮድስ» መጽሔት ላይ የወጣውን እንግሊዝኛውን ነው።

ዌስተርጋርድ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ተናግሮ ጀመረ። ንጣፉ ወጥና ተለጣጭ ነው ይባል፤ አፈሩ ወደ ላይ ብቻ ይግፋ፤ የሚገፋውም በሰመጠው ልክ ይሁን። በሌላ አነጋገር የኢሊኖይ ጥቁር አፈር የሄርትዝ ሐይቅ ይሁን፤ መንገዱ በረዶው። ፈጠራ ነው፤ ግን ፈጠራነቱን ያልደበቀ ፈጠራ። ከዚህ ግምት አንድ ርዝመት ይወጣል። የንጣፉ ግትርነት ከአፈሩ ግትርነት ጋር ሲመዛዘን፣ የጎማው ጫና እስከ የት ድረስ እንደሚሰማ የሚናገር ርዝመት ነው፤ መሐንዲሶች የአንጻራዊ ግትርነት ሬዲየስ ይሉታል። ከላይ በተወሰደው ምሳሌ አፈሩ መካከለኛ ቢሆን፣ ማለትም አንድ ካሬ ሜትሩን አንድ ሚሊ ሜትር ለማስመጥ 5 ቶን ቢያስፈልግ፣ ይህ ርዝመት 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 4 ቶን የጫነው ጎማ በ15 ሴንቲ ሜትር አሻራው ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ኮንክሪቱ ጭነቱን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ላለው መሬት ያከፋፍልለታል።

በዚህ ርዝመት ውስጥ አፈሩ የሚገባው በአራተኛ ሥር ነው። ርዝመቱ በግማሽ እንዲያጥር አፈሩ 16 እጥፍ መጠንከር አለበት። ርዝመቱ ደግሞ በውጥረቱ ቀመር ውስጥ የሚገባው በሎጋሪዝም ነው፤ ይህም የበለጠ ያለዝበዋል። ውጤቱ ለብዙ ሰው አይዋጥም። በጠርዝ ላይ አፈሩ ሁለት እጥፍ ቢጠነክር ውጥረቱ የሚቀንሰው 9 በመቶ ብቻ ነው፤ ንጣፉ ግን ከ20 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር 32 በመቶ ይቀንሳል። ዌስተርጋርድ ራሱ ይህን አስተውሎ ጽፏል። የአፈሩ ቁጥር ቢሳሳትም ብዙ እንደማይጎዳ ያውቅ ስለነበር ነው ውሃ ነው ብሎ ለማለፍ የደፈረው። ለአፈር ብዙ የማይጨነቅ ቀመር ስለ አፈር የተሳሳተ ግምት ቢይዝ ያን ያህል አያጠፋም።

ከዚያ ጎማውን በሦስት ቦታ አቆመው፤ በመሃል፣ በጠርዝ፣ በጥግ። ምሳሌው ጎማ በመሃል ሲቆም 1.29 ሜጋፓስካል፣ በጠርዝ 1.93፣ በጥግ 1.65 ይሰጣል። ጎልድቤክ 3 ያለው ጥግ፣ አፈሩ ከሥሩ ሲገባለት ወደ ግማሽ ወረደ። ሦስቱም ከ2.25 በታች ናቸው። ያ የወደቀው 20 ሴንቲ ሜትር አለፈ።

ግን ሌሊቱስ? የሕዝብ መንገዶች ቢሮ በ1930 በቨርጂኒያ አርሊንግተን ንጣፎችን አንጥፎ መለካት ጀመረ። ቴለርና ሰዘርላንድ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ሥራውን ለዓመታት ይዘውት ቆዩ። በመሃል የለኩት ከዌስተርጋርድ ጋር ብዙም አልተጣላም። ጥጉ ግን ወደ ላይ በተነሣበት ሰዓት ቀመሩ ከሚለው በላይ ይወጠራል፤ ኦልደር ቤትስ ላይ ያየው ነገር። ከቢሮው ኬሊ የተባለው ባለሙያ በ1939 የጥጉን ቀመር በልኬቱ መሠረት አሻሻለው። ያደረገው ለውጥ በዓይን ሲታይ ኢምንት ነው፤ አንድ አርቢ ቁጥር ከ0.6 ወደ 1.2 ቀየረ። በምሳሌው ጎማ ላይ ግን 1.65 የነበረው 2.39 ሆነ። ንጣፉ እንደገና ወደቀ።

ከሁለቱ ማንን ማመን ይገባል? በንጹሕ ሒሳብ የመጣው ዌስተርጋርድ ነው፤ ኬሊ የለጠፈው ቁጥር ከየትም ንድፈ ሐሳብ አይወጣም፤ ከመሬት ብቻ። መንገድ የሚሠራ ሰው ግን የሚበደረው ለሌሊቱም ጭምር ነው። እዚህ ላይ ኬሊ ይሻላል።

ጦርነቱ ጥያቄውን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰደው። የአውሮፕላን ጎማ ከጭነት መኪና ጎማ በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ አንዱ ከሌላው ጎንም ተደርድሮ ይመጣል። ዌስተርጋርድ በዚያን ጊዜ ሃርቫርድ ነበር፤ የምህንድስና ትምህርት ቤቱ ዲን ሆኖ አገልግሏል። በባሕር ኃይል መኮንንነቱም አቶም ቦምብ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ሕንፃዎች ላይ ያደረሰውን ጉዳት ካጠናው ቡድን ጋር ሄዷል። ከዚያ መልስ፣ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1948 ለአውሮፕላን ማረፊያ ንጣፎች አዲስ ቀመሮች አወጣ። በ1950 አረፈ።

አዲሱ የጠርዝ ቀመር ከአሮጌው ጋር አይስማማም። ያው ጎማ፣ ያው 20 ሴንቲ ሜትር፣ ያው አፈር ይቅረብለት፤ የ1926ቱ 1.93 ሲል የ1948ቱ 2.41 ይላል፤ ሩብ ያህል ብልጫ። አንዱ ከሚፈቀደው በታች፣ ሌላው በላይ። ሁለቱም የአንድ ሰው እጅ ናቸው። ከልዩነቱ በስተጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ1926 ዌስተርጋርድ የጎማውን አሻራ በጠርዙ ላይ የሣለው እንደ ግማሽ ክብ ነው፤ ቀጥ ያለው ጎኑ ከንጣፉ ጠርዝ ጋር ይገጥማል። በ1948 ግን ጠርዙን የሚነካ ሙሉ ክብም አለ፣ ግማሽ ክብም አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀመር አለው። ከላይ 2.41 ያለው የሙሉ ክቡ ነው።

የመንገዱ ታሪክ እዚህ ላይ የአንድ ጽሑፍ ታሪክ ይሆናል። ቀመሩ ከመጽሔቱ ወደ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ወደ ማኑዋል፣ ከማኑዋል ወደ መሐንዲሱ ማስታወሻ ደብተር ተገለበጠ። ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚወድቀው ቅድመ ሁኔታው ነው። ቀመሩ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ አሻራው ግማሽ ክብ መሆኑ፣ ንጣፉ ከዚያ ርዝመት በብዙ እጥፍ ሰፊ መሆን እንዳለበት፣ የ1926 ይሁን የ1948 መሆኑ ሌላ መስመር ይፈልጋል። ያ መስመር ይቀራል። ቀጥሎ የኅትመት ስሕተት ይገባል። ብራና የገለበጠ ጸሐፊ ዓይኑ ከአንድ «ወይቤ» ወደ ሌላው «ወይቤ» ዘሎ መሃሉን ቢያስቀር፣ ዐረፍተ ነገሩ ስለሚናጋ የሚያነበው ደብተራ አንድ ቀን ይደርስበታል። በሎጋሪዝም ውስጥ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ግን ቀመሩ አሁንም መልስ ይሰጣል፤ መልሱም የሚታመን መልስ ይመስላል።

ቀመሩ የታተመበት ያ ቢሮ ኢትዮጵያንም ነክቷታል። ከዓለም ባንክ በ1950 በተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር መነሻነት በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥራውን የመሩትና ባለሙያ ያሠለጠኑት የአሜሪካው የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ሰዎች ናቸው። መንገዶቹ ግን ጠጠርና አስፋልት ነበሩ፤ የዌስተርጋርድ ጉዳይ አልነበሩም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን ባወጣው የንጣፍ ዲዛይን ማኑዋል ውስጥ ለኮንክሪት ንጣፍ ራሱን የቻለ ጥራዝ መደበ።

ዛሬ ቀመሩ ከአውራ ጎዳና ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጣሪያ በታች ነው፤ በመጋዘንና በፋብሪካ ወለል ላይ። ከአገር ወጥቶ በዳላስም ሆነ በዱባይ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የነዳ ኢትዮጵያዊ የወለሉን መገጣጠሚያ በወገቡ ያውቀዋል። የፎርክሊፍት ጎማ ትንሽና ደረቅ ነው፤ እንደ ቤትስ መኪናዎች። አሻራው ሲጠብ ተራው የሰሌዳ ሒሳብ ውጥረቱን ያለ ልክ ያንረዋል፤ አሻራው ነጥብ ቢሆን ውጥረቱ መጨረሻ የለውም ይላል። ኮንክሪት ግን ውፍረት አለው፤ ጭነቱ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ ይሰፋል። ዌስተርጋርድ ለዚህ ሲል ጠባቡን አሻራ በሌላ፣ በተስተካከለ ሬዲየስ የሚተካ ትንሽ ማረሚያ አስገብቶ ነበር። በሚገለበጥበት ጊዜ ከሚረሱት አንዱ ይኸው ነው።

በመጋዘን ወለል ላይ ጥያቄው ራሱ ተለውጧል። ዌስተርጋርድ የሚጠይቀው ኮንክሪቱ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው መቼ ነው ብሎ ነው። ሌላው የኮፐንሃገን ሰው ዮሃንሰን በ1943 የሰሌዳ ስብራት መስመሮችን ንድፈ ሐሳብ ሲያወጣ የጠየቀው ሌላ ነው፤ ከተሰነጠቀ በኋላስ እስከ መቼ ይሸከማል? በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን ሎስበርግ፣ በካናዳ ደግሞ ማየርሆፍ ይህን አስተሳሰብ መሬት ላይ ላረፈ ንጣፍ አዋሉት፤ የብሪታንያ የወለል መመሪያም በኋላ ማየርሆፍን ተቀበለ። በዚህ መንገድ የተሠራ ወለል ከዌስተርጋርድ ይሳሳል። ባለቤቱ ከታች ያለውን፣ የማይታየውን ስንጥቅ መቀበል አለበት፤ ይህን ግን ሁሉም ባለቤት ሲፈርም የተረዳው አይመስልም።

የመንገዱ ሰዎች በበኩላቸው ከዌስተርጋርድ አልተላቀቁም። በ1951 ፒኬትና ሬይ የእሱን ሒሳብ ወደ ሥዕል ቀየሩት፤ መሐንዲሱ የአውሮፕላኑን ጎማዎች አሻራ በሚያሳይ ወረቀት ላይ በልኩ ይሥላል፣ በሠንጠረዡ ላይ ያነጥፋል፣ ከአሻራው ሥር የዋሉትን ትናንሽ ክፍሎች ይቆጥራል። ከ1958 እስከ 1960 ደግሞ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ኦታዋ ከተማ አጠገብ፣ የቤትስ ወራሽ የሆነ ግዙፍ የመንገድ ሙከራ ተካሄደ፤ 27 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አክስሎች አለፉበት።

በመጨረሻ ነገሩ ወደ ኧርባና ተመለሰ። በ1985 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አዮኒደስ፣ ቶምፕሰንና ባረንበርግ ዌስተርጋርድን ከምንጩ አነበቡት። በሥሙ የሚጠሩትን ቀመሮች ከየመጽሐፉ ሰብስበው ከ1926፣ ከ1939 እና ከ1948 ጽሑፎቹ ጋር አስተያዩ። በየመጽሐፉ «የዌስተርጋርድ ቀመር» ከሚባሉት አንዳንዶቹ የእሱ እንዳልሆኑ፣ በተከታታይ የኅትመት ስሕተትና ያለ ቦታው በመጠቀም የተበላሹ እንደሆኑ አገኙ። የ1926ቱን የጠርዝ ቀመር ትተው በ1948ቱ እንዲሠራ መከሩ፤ የጥጉንም እንደገና አበጁት። ለአንድ ሙያ ይህን ለማድረግ አርባ ዓመት መውሰዱ ብዙ ነው፤ መጽሔቱ በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ነበር።

የትኛው ቀመር ልክ እንደሆነ የዳኘላቸው በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ የተጻፈ «ኢሊ-ስላብ» የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ንጣፉን ወደ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል፣ ጎማውን በፈለጉበት ያቆማል፣ የእያንዳንዱን ካሬ ጉብጠት ያሰላል። ከካሬዎቹ ሥር ያለውን አፈር የሚያየው ግን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሞላዎች እንደተደረደሩበት፣ ማለትም እንደ ውሃ ነበር።